ማስቲካው ይመስክር

ፌንጣ ማስቲካ እያኘከች ዝም ትላለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ገና አያውቃትም ማለት ነው። እሷ ጋ ማኘክና ማውራት መንታ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አስፈቅዶ አያውቅም። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አጎቷ ነው። ትንሽ ልጅ እያለች ጎማ ቤቱ ትመጣና ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየዘለለች "ይሄ ምንድነው? ያኛውስ? ለምን ጥቁር ሆነ?" እያለች መቆሚያ መቀመጫ ስታሳጣው፣ "ይቺ ልጅ ፌንጣ ናት እንጂ የእህቴ ልጅ አይደለችም" አለ። በቃ፣ ስሙ ተጣብቆ ቀረ። ዘንድሮ ትምህርቷን ጨርሳለች፤ መዝለሉን ግን አልጨረሰችም። ልዩነቱ አሁን ስትዘል እጇ ላይ ጓንት አለ።

ጎማ ቤቱ ረዘም ያለ ክፍል ነው፤ አንዱ ወገን ሙሉ በሙሉ በር። ስትገቢ በግራ በኩል የጎማ ክምር፣ በቀኝ የጎማን ሚዛን የሚያስተካክለው ባላንስ መሥሪያ ማሽን፣ ከኋላ ሲጮህ ጥርስ የሚያፋጭ የአየር መጭመቂያ። ከአየር መጭመቂያው በላይ የሟቹ አያቷ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከፎቶው ሥር ግድግዳው ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ በአያቷ በራሱ እጅ፦ "መሬት ሳይረግጥ አታጥብቅ።" ጎማ ስትገጥሚ የብሎኑን ማሰሪያ ዳዶ በእጅሽ ታስገቢያለሽ፣ መኪናውን ያነሳውን ክሪክ ታወርጂያለሽ፣ መኪናው መሬት ሲይዝ ያኔ ታጠብቂያለሽ ማለት ነው። አጎቷ ይህቺን አረፍተ ነገር እንደ ጸሎት ነው የሚያያት።

እናቷ ደግሞ መኪና መንዳት ታስተምራለች። መኪናዋ ከጎን ወንበር ሥር ሁለተኛ የፍሬን መርገጫ ያላት፣ የስንቱን ጀማሪ ጉድ የቻለች መኪና ናት። እናትየው አንድ ደንብ አላት፦ ተማሪ መሪ ይዞ ሬዲዮ አይከፈትም። ተማሪው ሲበቃላት ግን፣ አንድ ቀን መንገድ መሃል እጇን ዘርጋ ታደርግና ሬዲዮውን ትከፍታለች። "ጎበዝ" የለ፣ "አለፍክ" የለ። ሬዲዮው ከተከፈተ አልፈሃል፤ ካልተከፈተ ነገም ና። ሬዲዮው ሲከፈትላቸው ያለቀሱ ትልልቅ ሰዎች አሉ።

ይህቺው እናት ለልጇ ሥራ አግኝታላታለች። የጓደኛዋ መድኃኒት ቤት፣ ነጭ ጋውን፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ቀዝቃዛ አየር።

"ሰኞ ትጀምሪያለሽ" አለቻት።

"እማ፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሽከረከር ይታይሻል? ጎማ ቤት እኮ ነው የምፈልገው!"

"ጎማ ቤት የእረፍት ጊዜሽን አሳለፍሽ፣ ይበቃል። እጅሽን እዪው እስቲ። የማን እጅ ይመስላል?"

"የአያቴን።"

እናትየው የልጇን እጅ ገልብጣ አየችው። ፌንጣም ባገኘችው ቀዳዳ ዘላ ሳትገባ አትቀርምና፣ "እሺ ስምምነት እናድርግ" አለች። የመኪናዋ የድሮ ቸርኬዎች፣ ማለት ጎማው የሚታሰርባቸው ብረቶች፣ ተማሪ በየመንገዱ ጠርዝ እያላተማቸው አንዱ እንደ ድስት ክዳን ተቆልምሟል። ፌንጣ መለዋወጫ ቤት ውስጥ አራት የሚያምሩ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች አይታለች። የመኪናው ፋብሪካ የሠራቸው አይደሉም፤ ለብዙ ዓይነት መኪና ይሁኑ ተብለው የተሠሩ ናቸው። "እነሱን እኔ ራሴ አስተካክዬ ልግጠምልሽ። ከሠራ ጎማ ቤት እቀራለሁ። ካልሠራ ጋውኑን አምጪው፣ ተኝቼበት አድራለሁ።"

እናትየው ትንሽ አሰበችና "እስከ ቅዳሜ" አለች። "ፈታኟም እኔ ነኝ።"

ቸርኬዎቹ ተገዝተው ሲገጠሙ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ማር ነበር። የብሎኖቹ ቀዳዳ ልክ፣ የጎማው ስፋት ልክ። አንድ ችግር ብቻ፦ መኪናዋ ኩርባ ላይ ስትታጠፍ ከፊት ለፊት "ክርር" የሚል ድምፅ። የቸርኬው ክንዶች ከፍሬኑ ጋር ተጠጋግተው ይፋተጋሉ። አጎትየው በእጅ ባትሪ አጮልቆ፣ አንገቱን አጣሞ፣ ምን ያህል እንደተጠጉ ማየት አቃተው። ፌንጣ ምን አደረገች? ማስቲካዋን ከአፏ አወጣች፣ እንዳይጣበቅ ለውስጥ ጎማ የሚነሰነሰውን ነጭ ዱቄት ነሰነሰችባትና ፍሬኑ ላይ ለጠፈቻት። ጎማውን ገጥማ መልሳ ፈታችው። ማስቲካዋ የሽንኩርት ልጣጭ ሆና ወጣች።

"ይኸው! ክፍተቷ ይቺን ታክላለች" አለች እንደ ጌጥ ከፍ አድርጋ።

አጎቷ ማስቲካዋን አየ፣ እሷን አየ። "እኔ ሠላሳ ዓመት ባትሪ ስይዝ፣ ለካ ማኘክ ነበረብኝ።"

ጎረቤት ያለው የቶርኖ ቤት ሰውዬ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው፣ በልኩ ስስ ዝርግ ብረት ሠራላቸው። ከቸርኬው ጀርባ ገባች፣ ቸርኬውን ወደ ውጪ ገፋ አደረገችው፣ አጎትየው ዳዶው አሁንም በቂ ጥርስ መያዙን አረጋገጠ፣ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ የፌንጣን አፍ ማን ይያዘው! ለጎማ የመጣው ሁሉ፣ ለመንገድ ጥያቄ የመጣው ሳይቀር፣ የማስቲካዋን ታሪክ ሰምቶ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ መጣች። መኪናዋን በሩ ላይ አቆመች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ወረደች። ፊቷን ሲያይ አጎትየው ቀስ ብሎ ወደ ጎማው ክምር ኋላ ሸሸት አለ።

"ሰማንያ ስገባ መሪው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል" አለች። "ቀስ ስል ምንም የለም። ፍጥነት ስጨምር፣ አንቀጥቅጥ! ተማሪዬ ደህና ግዙፍ ሰውዬ ነው፣ 'እትዬ፣ እጄ ነው መሰለኝ፣ ይቅርብኝ' ብሎ ሊተወው ነው።"

"እማ፣ ባላንስ ነው፣ አሁን..."

"ቅዳሜ ከሰዓት" አለች እናትየው፣ ቁልፉን ማሽኑ ላይ አስቀምጣ። "የድሮ ቸርኬዎቼን የት እንዳስቀመጣችሁ ታውቃላችሁ። ጋውንሽንም ተኩሼዋለሁ።"

ሄደች። አጎትየው ከክምሩ ኋላ ወጣ።

"እታለም ጋውን ከተኮሰች ነገሩ አልቋል" አለ።

"ጋሼ፣ ተስፋ አታስቆርጠኝ። ባላንስ እንየው።"

ባላንስ አዩ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ማሽኑ ላይ ሰቅለው አሽከረከሩ፤ ማሽኑ ዜሮ አለ፣ እንከን የለም ማለት ነው። ደገሙት፣ ዜሮ። አጎትየው ለማመዛዘኛ የተለጠፈችውን ቁራጭ እርሳስ ነቅሎ ሌላ ለጠፈ፣ እንደገና ዜሮ። የፊቱን ከኋላው ቀያየሩና አጎትየው ራሱ ነድቶ ወጣ። ሲመለስ ከንፈሩ ተንጠልጥሏል።

"ያው ነው። ጉንጬ ራሱ ተንቀጠቀጠ።"

"መሪው ላይ ነው ወይስ ወንበሩ ላይ የተሰማህ?"

"መሪው ላይ።"

"ወንበር ላይ ቢሆን ከኋላ ነበር። መሪ ላይ ከሆነ ከፊት ነው" አለች። እሱ ያስተማራትን ለራሱ ስትመልስለት ደስ አይለውም፤ ግን እውነቷን ነው።

ዓርብን ሙሉ አጎትየው ማሽኑን ሲሰድብ ዋለ። ማሽኑ አርጅቷል፣ ማሽኑ ይዋሻል፣ ማሽኑ ምቀኛ ነው። ፌንጣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጉንጯን በጓንቷ ደግፋ ታየዋለች።

"ጋሼ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው። ማሽኑ ምን አደረገ? ይኸው ጎማ ማሽኑ ላይ ሲሆን ቅዱስ ነው፣ መኪናው ላይ ሲሆን ሰይጣን ይሆናል። ጎማው እኮ አንድ ነው! የሚለየው የሚይዘው ነገር ነው።"

ብላ ስትጨርስ ራሷ ያለችውን ሰማችው። ማኘኳን ሁሉ አቆመች። ከባልዲው ተነሳችና ማሽኑ ጋ ሄደች። ማሽኑ ቸርኬውን የሚይዘው በመሃሉ ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ሾጣጣ ነገር ይገባና መሃሉን አጥብቆ ይይዘዋል። መኪናው ላይስ? መኪናው ላይ ደግሞ ከመሃል ወጣ ያለ ክብ ብረት አለ፣ ቸርኬው እዚያ ላይ ይቀመጥና በብሎን ይታሰራል። ጣቷን በክቡ ብረትና በአዲሱ ቸርኬ ቀዳዳ መካከል አስጠጋች። ጥፍሯ ገባ። የድሮውን፣ የተቆለመመውን ቸርኬ አምጥታ ሞከረች። ጥፍር ቀርቶ ፀጉር አይገባም።

"ጋሼ! የዚህ ቀዳዳው ሰፊ ነው!"

"እና? በብሎን ይታሰር የለ?"

"ማሰሩስ ይታሰራል። ግን የት ላይ ሆኖ ነው የሚታሰረው? እንደ ሁልጊዜህ ግጠምልኝ እስቲ። ምንም አትቀይር።"

አራት ማስቲካ አንድ ላይ አኘከች፤ መንጋጋዋ እስኪያማት። አራት ትንንሽ ድብልብሎች ሠራች፣ ዱቄት ነሰነሰችና ክቡ ብረት ላይ ለጠፈቻቸው፦ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ የቀሩትን በግራና በቀኝ። ከላይ በኩል በጠመኔ ምልክት አደረገች። አጎትየው ራሱን እየነቀነቀ ቸርኬውን ሰቀለ፣ ዳዶዎቹን በእጁ አስገባ፣ ክሪኩን አወረደ፣ መሬት ሲይዝ በደንብ አጠበቀ። ከዚያ መልሰው አነሡት፣ ፈቱት።

የታችኛዋ ማስቲካ ወረቀት ሆናለች። የላይኛዋ እንደተድበለበለች አለች፣ ንክች እንኳ አላላትም።

"ና እይ።"

"ምኑን? ምራቅሽን?"

"መኪናው ሲወርድ ክብደቱ ይጫነዋል፤ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ክቡ ብረት ወደ ታች ይንሸራተታል። ትንሽ ናት፣ ዓይን አያያትም። አንተ ደግሞ ልክ እንደዚያ እንደተንሻፈፈ ጥርቅም አድርገህ ታጠብቀዋለህ። ቀስ ሲል ማን ያውቅበታል? ሰማንያ ሲገባ ግን መሃሉን የሳተ ጎማ ይዘላል። መሪውን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው።" ፎቶውን ላለማየት ወደ መሬት እያየች ጨመረች። "ማለትም... ለእነዚህ ቸርኬዎች መሬት አስነክቶ ማጥበቅ አይሆንም።"

አጎትየው ቀስ ብሎ ቀና አለ። "ምን አልሽ?"

"ለእነዚህ ብቻ እኮ ነው ያልኩት..."

"አባቴ በዚህ አሠራር ያልሸኘው መኪና የለም! አንቺ ባኘክሽው ማስቲካ ልትሽሪው? አፈር ይቅለለውና ሰውዬውን መቃብሩ ውስጥ ልታገላብጪው ነው?"

"ጋሼ፣ አያቴ የሠራው ፋብሪካው ራሱ የሠራውን ቸርኬ ነው። እሱ መሃሉ ልክክ ስለሚል መሬት ብታስነካውም ወዴት ይሄዳል? ይሄኛው እኮ የአባቱን ጫማ ያደረገ ሕፃን ነው! ማሰሪያውን ብታጠብቀው ባታጠብቀው እግሩ ውስጡ ይዋኛል። ጫማውን ማጥበብ አለብን፣ ስናስርም ሳይረግጥበት ማሰር አለብን።"

አጎትየው ማስቲካዎቹን እንደገና አጎንብሶ አየ። የወረቀቷን በጥፍሩ ነካ አደረጋት። "ጫማውን አጥብቢው" አለ በመጨረሻ። "ማሰሩን ግን እንደ አባቴ ነው የማስረው።"

ቅዳሜ ጠዋት ቶርኖ ቤቱ ሲከፈት ፌንጣ በሩ ላይ ነበረች።

"እሜቴ ማስቲካ! ዛሬ ደሞ ምን አኝከሽ መጣሽ?" አለ ባለቶርኖው መነፅሩን ግንባሩ ላይ እያወጣ።

"ጋሽዬ፣ ቀለበት እፈልጋለሁ።"

"ውይ! ማን ሊያገባሽ ነው?"

"መኪና። አራት ቀለበት፣ ከአሉሚኒየም። ውስጡ በክቡ ብረት ልክ፣ ውጪው በቸርኬው ቀዳዳ ልክ። የመሃሉን ክፍተት እንዲሞላልኝ ነው።"

ሰውዬው ቀልዱን ተወና ልኩን የጻፈችበትን የካርቶን ቁራጭ ተቀበላት። "በደንብ ለክተሻል? ብረት ከተቆረጠ በኋላ ይቅርታ አያውቅም።"

ፌንጣ ልትመልስለት አፏን ከፍታ ዘጋችው። ተመልሳ ሄዳ ለካች። አሁንም ተጠራጥራ ድጋሚ ለካች። ያው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው እንጂ፣ ልኳስ መጀመሪያም ልክ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀለበቶቹ ደረሱ፤ ገና ትኩስ፣ የሚያብረቀርቁ። የመጀመሪያውን ክቡ ብረት ላይ በሁለት አውራ ጣቶቿ ገፋችው። "ቀጭ" ብሎ ገባ። ቸርኬውን ሰቀለችበት። ወደ ላይ ብታነሳው፣ ወደ ታች ብትጫነው፣ ንቅንቅ የለም። ዳዶዎቹን በእጇ አስገባች። አጎትየው፣ እጁ ልማዱን ያውቃልና፣ ክሪኩን ለማውረድ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ አይሆንም!"

"ቀለበቱ ይይዘው የለ?"

"ይይዘዋል፣ ግን አየር ላይ ሆኖ መጀመሪያ ዳዶዎቹ እኩል ይቀመጡ። አንዱን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱን፣ ከዚያ የጎኑን። ከዚያ በኋላ አውርደህ እንደፈለግህ ጨርሰው።"

"አየር ላይ! ግድግዳው ላይ ምን ይላል? አንብቢልኝ እስቲ፣ ተምረሽ የለ!"

"ምንድነው የምትጯጯሁት?"

እናቷ ነበረች። በሩ ላይ ቆማለች፣ ቦርሳዋ ክንዷ ላይ። ወንድሟ እንደ ተከሰሰ ልጅ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገራት፦ ማስቲካውን፣ ቀለበቱን፣ አየር ላይ ማጥበቁን፣ "ያባታችንን ቃል" ልታስሽረው መሆኑን። እናትየው ግድግዳውን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ሳትጠበቅ ሳቀች። ቦርሳዋ ወደቀ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ብልሃት መስሎህ ነው? አባዬ ብቻውን ነበር እኮ የሚሠራው። ጎማው አየር ላይ ሆኖ ስታጠብቀው አብሮህ ይዞራል፤ ፍሬን የሚረግጥለት ሰው ያስፈልገዋል። አንተ ጡጦ ላይ ነበርክ፣ እኔ እግሬ ፍሬን አይደርስም ነበር። ማንን ይዘዝ? አውርዶ መሬቱ እንዲይዝለት ያደርጋል። ደንበኛ 'ለምን እንዲህ ታደርጋለህ' ሲለው፣ ሰው የለኝም ማለት አሳፈረውና ግድግዳ ላይ ጻፈው።"

አጎትየው ክሪኩን ትቶ ግድግዳውን አየ።

"እና እኔ" አለ አጎትየው ቀስ ብሎ፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት የሰበክሁት የሰው እጥረት ነው?"

ፌንጣ ሳቋን አፈነችው፣ አልታፈነላትም። "ከሥሩ 'ሰው ከሌለህ' ብለን እንጨምርበት?"

"ግድግዳዬን እንዳትነኪ!" አለ፤ እሱም ግን እየሳቀ ነው። ፎቶውን አየት አደረገና ጃኬቱን አወለቀ። "በይ፣ አሁን ሰው አለ። ምን ላድርግ?"

"ግባና ፍሬን ያዝልኝ።"

አጎትየው በጎን ወንበር በኩል ሁለተኛውን መርገጫ ሊረግጥ ገባ። ሆዱ ከፊት ጉልበቱ ከላይ ሆኖ ተወትፎ ተቀመጠ። "ወንበሬን እንዳትሰብርብኝ" አለች እህቱ በመስኮት። ፌንጣ ተንበርክካ አጠበቀች፦ አንዱን፣ ፊት ለፊቱን፣ የጎኑን፣ መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ ጠበቅ። ጎማው ንቅንቅ አላለም። የመጀመሪያውን ሲጨርሱ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ከዚያ አወረዱና ዳር ዳሩን ዞራ ጨረሰችው። እናትየው ይህን ሁሉ እጇን አጣምራ ቆማ አየች። ተማሪ መኪና ሲያቆም የምታየው እንደዚያ ነው።

"ግቢ" አለች ልጇ ስታበቃ።

ፌንጣ ከጎኗ ገባች። ከሠፈሩ መንገድ ወጡ፣ መብራቱን አለፉ፣ ሰፊው አውራ ጎዳና ላይ ገቡ። አርባ። ስልሳ። ፌንጣ ዓይኗን መሪው ላይ ተክላለች። ሰባ። እናትየው መሪውን በሁለት ጣቶቿ ብቻ ያዘች፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ጣት አይዋሽም። ሰማንያ። ፌንጣ ጎማዎቹን፣ ቀለበቶቹን፣ እያንዳንዷን ዳዶ በሐሳቧ ዞረቻቸው፤ አንዱንም አልረሳችም፤ ታውቀዋለች። ሰማንያ አምስት። መሪው የተኛ ሕፃን መሰለ።

እናትየው ዘጠና ላይ ወስዳ ያዘችው። ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ ዶቃ እንኳ አልተነቃነቀችም።

"ምን ሆነሽ ነው የማታኝኪው?" አለች እናቷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። "ዝም ስትዪ መኪናው የተበላሸ ይመስለኛል።"

"አለቀብኝ። ሁሉንም ለመኪናሽ አኝኬልሻለሁ።"

እናትየው ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን አደረገች። ከዚያ ቀኝ እጇ ከመሪው ተነሳ፣ ወደ መሃል ሄደ፣ የሬዲዮውን ቁልፍ ጫን አደረገ። የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ መኪናውን ሞላው፤ አንድ ሰውዬ እድፍን እንደ ጠላት እየፎከረበት ነው። ፌንጣ ጮኸች፣ ወንበሯ ላይ ዘለለች፣ ጭንቅላቷ ጣሪያውን ነካ።

"ቀበቶሽን!" አለች እናቷ። ድምፁን ግን ጨመረችው።

አጎትየው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መኪናዋ ከመታጠፊያው ብቅ ስትል የሬዲዮው ዘፈን ቀድሟት ደረሰ። "እህስ?" ብሎ አልጠየቀም። ወደ ውስጥ ገባና ከመሳቢያው አዲስ ጓንት አወጣ፣ የትንሽ እጅ ልክ፣ እሷ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ባልዲ ላይ አስቀመጠው።